ቢምረው ለዘፋኟ የሰጠው ግጥም

ቢምረውን የሚወድ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። እሱም ከእናቱና በአካል አይቷት ከማያውቃት አንዲት ዘፋኝ በስተቀር የሚወደው ሰው አልነበረውም። ወፍጮ ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው። ጤፍ ወይም ስንዴ ያመጣች ሴት ማዳበሪያዋን አስቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች እንጂ አታናግረውም። ካናገረችው ይሰድባታል። እህሉ እርጥብ ነው ይላል፤ ጠጠር አለው ይላል፤ እናንተ መንፋት ሳትማሩ ባል አገባችሁ ይላል። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ሁልጊዜ በዱቄት ነጭ ስለሆነ ሲቆጣ የሸመገለ ይመስላል፤ ዕድሜው ግን ገና ሃምሳ አልሞላም።

ዱቄቱን የሚነቅፍ ሰው ግን የለም። የወፍጮውን ድንጋይ ራሱ ይወቅረዋል፣ ለሌላ ሰው አያስነካም። የእሱ ጤፍ ልሞ ይወጣል፣ አይግልም። ሴቶቹ ስድቡን ችለው የሚመጡት ለዚህ ነው።

የተወለደው ዲማ አካባቢ ነው። ልጅ ሆኖ እዚያው ዲማ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ፈጣን ነበር ይላሉ አብረውት የተማሩት። ችግሩ የሚቆጥረው ቅኔ ሁሉ ስድብ መሆኑ ነው። አንድ ቀን በተማሪ ሁሉ ፊት የመምህሩን አበላል የሚያላግጥ ቅኔ ተቀኘ። የኔታ አልመቱትም። ስንቅ አስይዘው በሰላም አሰናበቱት። ዱላውን ቢመርጡለት ደስ ይለው እንደነበር ራሱ ቢምረው ይናገራል፤ የተመታ ተማሪ ይመለሳል፣ ስንቅ የተሰጠው ግን አይመለስም።

ከዚያ ወደ ከተማ ወጣ። ማዳበሪያ ተሸከመ፣ ወፍጮ ተማረ፣ ሽማግሌው ባለቤት ሲደክሙ ወፍጮውን ከእሳቸው ገዛ። ሚስት አግብቶ ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣ ወላጆቿ ዘንድ ተመለሰች። እናቱን እማማ ደስታነሽን ከዲማ ያመጣቸው ያኔ ነው። እማማ ደስታነሽ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው፣ ወረፋውን ያስከብሩ ነበር። ልጃቸው የሰደባትን ሴት እሳቸው ጠርተው ያጫውቷታል፣ ስለ ልጆቿ ይጠይቋታል። ሴቶቹም ይወዷቸው ነበር።

አምሳሉ የሚባለው ሰው ወደ ቢምረው ወፍጮ ቤት የመጣው ለጉልበት ሥራ ነው። ቢምረው አምሳሉን ሙያ አስተማረው ቢባል ልክ አይሆንም፤ ሰደበው፣ አምሳሉም በስድቡ መካከል ተማረ። ሙያውን ሲጨርስ ከደምበጫ ወዲያ ካለ ገጠር የብርጓል የምትባል ልጅ አገባ፣ ከወንድሞቿም ጋር ሆኖ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከቢምረው በር ፊት ለፊት፣ አዲስ ወፍጮ ተከለ። ቢምረው ሠርጉ ላይ አልሄደም። ወፍጮው ሲመረቅም ጥሪው ደርሶት ነበር፤ መልስ አልላከም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወፍጮዎች አፍ ለአፍ ገጥመው ይጮኻሉ። በዚህ ላይ ሁለቱም ቤት ስፒከር አለ። የሚገርመው የሚያስጮኹት ዘፈን አንድ መሆኑ ነው። መቅደላዊት የምትባል የቁይ ከተማ ልጅ አለች፤ ግጥሙን ራሷ ትጽፋለች፣ ዜማውን ራሷ ታወጣለች፣ ብቻዋን በክራር ትዘፍናለች። ዘፈኖቿ በፍላሽ ከእጅ እጅ እየዞሩ እኛ ዘንድ ደርሰዋል። ቢምረው ከሁሉ የሚወደው ስለ እናቷ የዘፈነችውን ነው፤ ወፍጮውን ሲያስነሳ ሁልጊዜ እሱን ያስቀድማል።

ገበያው ተፈታ ሁሉም ሄደ ቤቱ፣
የኔን ቤት ማን ይክፈት ካልመጣች እናቱ።

ያው ዘፈን ከማዶ ሲመጣ ቢምረው ይበግናል። አምሳሉ ሙያዬን ሰረቀኝ፣ ደንበኛዬን ሰረቀኝ፣ አሁን ደግሞ ዘፋኜን ሰረቀኝ እያለ ወረፋ ለያዙት ሴቶች ይከስ ነበር። ከማዶ ዘፈኑን የምታስጮኸው የብርጓል ነበረች። አምሳሉ ዘፈን አይወድም።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በኅዳር፣ እማማ ደስታነሽ ሞቱ።

አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በሁለቱ ወፍጮ ቤቶች መካከል ነው። እኛ ዘንድ ሬሳ ሲያልፍ ሱቅ ገርበብ ይላል፣ የተቀመጠ ይነሳል፣ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ዳር ይይዛል፣ ገበያ የሚሄድ ባለፈረስ ወርዶ ልጓሙን ይዞ ይቆማል። የማይተዋወቅ ሰው እንኳ ይህን ያደርጋል። የዚያን ቀንም ሁሉም ቆመ። የአምሳሉ ወፍጮ ብቻ አልቆመም። ቀሳውስቱ የሚሉት እስኪጠፋ ድረስ ይፈጭ ነበር፤ ሳጥኑ አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እስኪታጠፍ ድረስ ይፈጭ ነበር። ቢምረው ጋቢውን ፊቱ ላይ እንደጣለ ቀና አላለም። ግን ሰምቷል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግጥም ይሠራ ጀመር።

የእኛ አገር ሰው በአዝማሪ አፍ መሰዳደብ ያውቃል። ጠላትህ በተቀመጠበት ተነሥተህ አዝማሪውን «ተቀበል» ትለዋለህ፣ ስንኙን ትሰጠዋለህ፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይለዋል። በአዝማሪ አፍ የተባለ ነገር ሽማግሌ ዘንድ አይቀርብም። የተሰደበው ሰው ወይ ስቆ ይጠጣል ወይ የራሱን ግጥም ሰጥቶ ይመልሳል። ያንኑ ነገር በራስህ አፍ ብትለው ግን ስድብ ነው፤ ያስከስሳል፣ ያስክሳል፣ አንዳንዴም ደም ያፋስሳል።

ቢምረው የከተማውን አዝማሪዎች ናቃቸው። ዛሬ የእኔን ቢሉ ነገ የአምሳሉን ይላሉ፣ ከነገ ወዲያ ሁሉም ይረሳል ይል ነበር። እሱ የፈለገው የማይረሳ አፍ ነው። መቅደላዊት አንድ ጊዜ ካለችው ሰው ይይዘዋል፣ ባጃጅ ውስጥ ይዘፈናል፣ አምሳሉ የትም ቢሄድ ይከተለዋል። እናቱ የተነፈጉትን ክብር በዚያ መልክ ሊያስመልስላቸው ቆርጦ ነበር። ይህን አልደበቀም፤ ግጥሙ እየተሠራ መሆኑን የሚሰማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ድንጋይ ሲወቅር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቆም ብሎ ያስባል፣ ደግሞ ይወቅራል።

መንገዱ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ በከረመባቸው ወራት ዘፋኝ የሚባል ወደ እኛ አይመጣም ነበር። መንገዱ ትንሽ ሲላላ የመቅደላዊት ፎቶ ያለበት ወረቀት በአንድ ሆቴል በር ላይ ተለጠፈ። ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰው ሳይመሽበት ወደየቤቱ እንዲገባ። ቢምረው ወረቀቱን ቆሞ አነበበውና ሳይሰድብ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለሰ። የዚያን ቀን ያስፈጩ ሴቶች ታሞ ይሆናል ብለው አሙት። አምሳሉና ሚስቱ ከፊት መቀመጫ መያዛቸውን ሲሰማ ደግሞ ይብስ ደስ አለው።

አዳራሹ ከሆቴሉ ጓሮ ነው፤ የሠርግ መልስና ስብሰባ የሚደረግበት፣ በፕላስቲክ ወንበር የተሞላ ጠባብ ቤት ነው። ከፊት የቆመ ሰው እጁን ቢዘረጋ ክራሩን ይነካል። አስተማሪዎች፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ሞልተውታል፤ ግማሾቹ ከሌላ አገር ለሥራ የመጡ ናቸው። የሰፈራችን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቢምረው ታጥቦ፣ ኮት ለብሶ፣ ከአምሳሉና ከየብርጓል ጀርባ ተቀምጧል። ቅንድቡ ጥቁር መሆኑን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

መቅደላዊት ጂንስ ለብሳ፣ ነጠላ ጣል አድርጋ ወጣች። አጭር ናት። ሰላምታ አላበዛችም፤ ክራሯን ለረጅም ጊዜ ስትቃኝ ቆይታ ጀመረች። ድምጿ ከስፒከሩ ይልቅ ቀጭን ነው። ቢምረው አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ነበር። እሷን የሰማው ሁልጊዜ ወፍጮ እየጮኸ ነው፤ ቀስ ብላ የምትላቸውን ስንኞች በሕይወቱ ሰምቷቸው አያውቅም። ደጋግሞ ወደ ጎን እያየ ሰዎች ምን ሰምተው እንደሚያጨበጭቡ ለማወቅ ይሞክር ነበር።

ጥቂት ዘፈኖች እንደዘፈነች ክራሩን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ አሁን ደግሞ የእናንተን ምርጫ ልስማ፣ ምን ልዝፈንላችሁ አለች። ተማሪዎቹ ከየአቅጣጫው የዘፈን ስም ይጠሩ ጀመር። ቢምረው ግን የተረዳው ሌላ ነው። ሙዚቀኛ እጁን አሳርፎ ወደ ሰው ሲያይ ምን እንደሚጠበቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ተነሣ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ አንድ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

«ተቀበይ፣ እህቴ» አላት።

እሷም የዘፈን ስም ሊነግራት መስሏት ፈገግ አለች። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቅኔ ቤት እንደተማረው ቃሉን እየለየ፣ እንዲህ አለ፦

ፈረሱም ቆመላት እናቴ ስታልፍ፣
አምሳሉ ብቻ ነው ሲፈጭ የዋለ ጤፍ።

የሰፈራችን ሰው ሁሉ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረ። ከሌላ አገር የመጡት ውዳሴ መስሏቸው አጨበጨቡ። መቅደላዊት ፈገግታዋ ሳይጠፋ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ የሰው ግጥም አልቀበልም። የምዘፍነው የራሴን ብቻ ነው» አለች።

ቢምረው አልተቀየመም። አዝማሪም ሲለመን ያንገራግራል፤ ዋጋ ለመጨመር ነው። ሌሎቹን ሁለት ስንኞች አከለላት፦

ዱቄቱን ብትበሉት አይጥማችሁም ከቶ፣
የልጅ እንባ አለበት አብሮ ተፈጭቶ።

አሁን ያጨበጨበ የለም። ዘፋኟ መዳፏን ክሮቹ ላይ አሳረፈች። «አምሳሉ የሚባሉት ሰው እዚህ አሉ?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ የሚያይበትን አቅጣጫ አየች። «እንግዲያው እሳቸው ባሉበት አልለውም። በሌሉበትም አልለውም። ይቀመጡ ጋሼ።»

ዘፋኝ ያልተቀበለው ግጥም የማንም አይደለም፤ እዚያው ላይ ይሞታል። ቢምረው በዚያ ቅጽበት ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያ ያበቃ ነበር። እንዳይቀመጥ ያደረገው ከኋላ ያለ አንድ ወጣት አስተማሪ ነው። «ጋሼ ወረፋ ይጠብቁ እንጂ፣ እዚህም ወፍጮ ቤት መሰለዎት?» አለው። አዳራሹ ሳቀ። የሳቁት ተማሪዎችና አስተማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ፣ ስድቡን ለዓመታት የጠጡ የሰፈራችን ሴቶችም ሳቁ። እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ እነሱ ሳቁ።

ቢምረው ከዘፋኟ ፊቱን አዞረ። ከአምሳሉ ወንበር ፊት ሄዶ ቆመና አራቱንም ስንኝ በራሱ አፍ፣ ጣቱን እየቀሰረ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለው። ሲጨርስ፣ «ውሻም ቢሆን ሬሳ ሲያልፍ ጭራውን ይሰበስባል» ብሎ ጨመረ። ይህ የመጨረሻው ቃል ግጥም እንኳ አልነበረም።

አምሳሉ ዝግ ያለ ሰው ነው። አልተነሣም። «ያን ቀን ወፍጮ ቤት አልነበርኩም» አለው። «የእናትህን ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ከኋላ፣ በግራ በኩል። አንተ ፊትህን ሸፍነህ ነበር፤ ማን ትከሻ እንደሰጠህ አላየህም። ከዚያም በኋላ አልጠየቅህም።»

ከሰፈራችን ሰው እውነት ነው ያለ አለ። ቢምረው ወደተናገረው ሰው እንኳ ዞሮ አላየም። «ታዲያ ወፍጮህን ማን አስነሣው? ሰይጣን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች የብርጓል።

እሷ ተነሣች። ባሏ ክንዷን ያዘ፤ አላቀቀችው።

«ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም» አለችው። «መስቀሉን አይቻለሁ፣ ሳጥኑን አይቻለሁ፣ ባሌን ከሥሩ አይቻለሁ። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። አላጠፋሁትም። አሁን ደግሞ አንተ ንገራቸው፤ እናትህ አንተ ደጃፍ ተቀምጣ ለመጣች ሴት ሁሉ ምን ትል ነበር?»

ቢምረው ዐይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«እሱ አይናገርም» አለች ወደ ሰው ዞራ። «እኔን የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፣ ዐይኗ እህላችሁ ላይ ካረፈ ልጆቻችሁ ያልቃሉ ትል ነበር። ቡዳ ናት ትል ነበር። ልጄን ታቅፌ መንገድ ስወጣ ሴቶች የራሳቸውን ልጅ በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ የሸፈናችሁ አላችሁ። አንተም ትሰማ ነበር፣ ቢምረው። እየሰማህ ዝም አልክ፤ ወረፋህ ረዘመልህ።»

«የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም» አላት፤ ድምፁ ወርዶ ነበር።

«ለዚህ ነው ለአንተ የምነግርህ።»

ግድግዳውን የተደገፉት ሴቶች አንዳቸው የሌላቸውን ፊት አላዩም። የሆቴሉ ዘበኛ መጥቶ ቢምረውን ክርኑን ያዘው። ቢምረው እጁን መንጭቆ፣ ራሱ በራሱ ወጣ።

በረንዳው ላይ ቆመ። ባጃጅ አልነበረም፣ ዝናብም ጀማምሮ ነበር። ዘበኛው ተከትሎት ወጥቶ በሩን ከውጭ ገርበብ አደረገና አጠገቡ ቆመ፤ እንዳይመለስ ይጠብቀው ነበር። ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የወንበር ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ መቅደላዊት ክራሯን መታች። የዘፈነችው ያንኑ ስለ እናቷ የሚያወሳውን ዘፈን ነው።

የገበያውን ስንኝ ቢምረው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯት አለ። ከዚያ ዜማው ዝቅ ይላል። ወፍጮ ቤት ውስጥ ይህ ቦታ ሲደርስ ዘፈኑ ያለቀ ይመስላል፤ ሁልጊዜ ፍላሹን ወደ ሌላ ዘፈን የሚያሳልፈው እዚህ ላይ ነበር። አዳራሹ ጸጥ ስላለ፣ የሚለየውም አንድ በር ብቻ ስለሆነ፣ ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

ለጎረቤት እሾህ ለእኔ ጥጥ ነበርሽ፣
በየቱ ልቅበርሽ በየቱ ላልቅስሽ።

ቢምረው ዘበኛውን፣ ይኼ አዲስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ዘበኛው ወጣት ነው፤ ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል። ድሮም ያለ ነው፣ ዘፈኑ የሚወደደው በዚህ ነው አለው። ቢምረው ሌላ አልጠየቀም። ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ተከፈተ፤ ስፒከሩ ግን አልጮኸም። ከማዶም ዘፈን አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩ የሚያወራው ሌላ ነገር አልነበረም። አንዳንዶቹ እማማ ደስታነሽ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ብለው ማሉ። ሌሎቹ ከአፋቸው ሲወጣ ሰምተናል አሉ፤ ካሉት መካከል ያን ጊዜ ልጃቸውን የሸፈኑ ነበሩበት። ወፍጮ የቀየረች ሴት ግን ብዙ አልነበረችም። ጤፉ ደህና እስከተፈጨ ድረስ የሰው ነገር የሰው ነው።

አምሳሉ ነገሩን ለሽማግሌ ሰጠው፤ በራስ አፍ፣ በሰው ፊት፣ ከነሚስቱ መሰደቡን አመለከተ። ሽማግሌ ሆነው የገቡት አያ ወልደ ሰንበትና ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። አያ ወልደ ሰንበት የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ አጭር የሚናገሩ፣ ሲሰለቻቸው ተነሥተው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ቢምረው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ቀረ። በሦስተኛው መጣ፤ ለምን እንደመጣ አልተናገረም።

ሽማግሌዎቹ ጥፋቱን ለሁለት ከፈሉት። ሬሳ ሲያልፍ ወፍጮ አለማቆም ነውር ነው፤ የብርጓል ትካስ። በራስ አፍ መሳደብም፣ የእናትን ክፉ ቃል ሰምቶ ዝም ማለትም ነውር ነው፤ ቢምረው ይካስ። የብርጓል አልተከራከረችም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሁለት ሴቶች ጋር ወደ እማማ ደስታነሽ መቃብር ሄዳ ቆመች፤ ድንጋዩን ስማ ተመለሰች። እያለቀሰች እንዳልነበር አብረዋት የሄዱት መስክረዋል። የሚገባትን አደረገች፣ በቃ።

የቢምረው ተራ ሲሆን እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ በአምሳሉ ደጃፍ አጎነበሰ። ሽማግሌዎቹ ማሪው አሏት። የብርጓል ድንጋዩን ከትከሻው እንዲያወርድ ነገረችው።

«በዚህ አልምርም» አለች። «ድንጋይ መሸከም ለእሱ ምኑ ነው፣ ሲሸከም የኖረ ሰው። ሲሰድበን ሁለት ዓመት አስቦ፣ ቃል መርጦ፣ ሰው በሞላበት ነው። ይቅርታውንም እንደዚያው ያድርገው። ግጥም ይሥራ። እናቱ ያወጣችልኝን ስም ከላዬ የሚያነሳልኝ ግጥም ይሥራና ሰው በተሰበሰበበት በራሱ አፍ ይበለው። ዘፋኝ አልፈልግም። ያኔ እምራለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ካሳ ሰምተው አያውቁም። አያ ወልደ ሰንበት ግን ተገቢ ነው አሉ። ቢምረው እየሳቀ ተነሣ፤ ይኼማ ቀላል ነው፣ እስከ ቅዳሜ ይደርሳል አላቸው።

ቅዳሜ አልደረሰም። በቀጣዩም አልደረሰም። ከንፈሩ እንደ ድሮው ይንቀሳቀሳል፣ ድንጋይ እየወቀረ ቆም ብሎ ያስባል፤ ግን ፊቱ ሌላ ነው። የብርጓል አላዘነችለትም። ከማዶ አስፈጭታ ወደዚህ በምታልፍ ሴት ሁሉ፣ ደርሷል ወይ ብላ ትልክበታለች። እሱም መልእክቱን ያመጣችውን ሴት ይሰድባል። አንዴ፣ ገና እየተነፋ ነው በያት ብሎ ላከ። እሷም፣ ጠጠሩን በደንብ አውጣው፣ ልጅ ይበላዋል ብላ መለሰችለት።

ክረምቱ ሲገባ ቢምረው አያ ወልደ ሰንበት ቤት ሄደ። የሠራውን ሊያሰማቸው ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አዳመጡት። የመጀመሪያው ግጥም ስለ አንድ ደፋር ሰው ነበር፤ ድንጋይ ተሸክሞ በጠላቱ በር ስለቆመ ሰው።

«ይኼ ራስህን ያመሰገንክበት ነው» አሉት።

ሁለተኛውን አለ። እናት የምትናገረውን ሳታውቅ ስለምትናገር፣ እርጅና ስለሚያስት።

«ይኼ ደግሞ እናትህን ያዳንክበት። ሴትዮዋ የት አለች?»

ሦስተኛ አልነበረውም። ቢምረው ሰው ለመውጋት የሚያገኘው ቃል ሁሉ ለዚህ እንደማይሆን ነገራቸው። «ስድብ ሲሆን ሰውየው ከፊቴ ይቆማል፤ አካሄዱ፣ አፍንጫው፣ ሁሉም ይታየኛል» አለ። «እሷን ሳስብ ግን የሚመጣብኝ ምንም የለም። ከፊት ለፊቴ ስንት ዓመት ኖራለች፤ ፊቷን አላውቀውም፣ አያ።»

አያ ወልደ ሰንበት ግጥሙ እስኪደርስ ድረስ እንዳይመጣባቸው ነግረው፣ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ጓሮ ገቡ።

አሁን ቢምረው ወፍጮው ሥራ ሲፈታ በሩ ላይ ይቆማል። የሚያየው ወደ ማዶ ነው። የብርጓል ማዳበሪያ ስትመዝን፣ ልጇን ስትቆጣ፣ ዱቄት የገባበትን ዐይኗን በክንዷ ስትጠርግ ያያል። መጀመሪያ ላይ ምን ታያለህ ብላ ጮኻበት ነበር። ከበሩ አልተነሣም። አሁን እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ሥራዋን ትሠራለች። ሰላም አይባባሉም። ወረፋ የያዘች ሴት ፊቱ ቆማ ብትጠራው ግን፣ ዞር በይልኝ፣ ገና አላየኋትም ይላታል።